ቂም ይዞ ጸሎት፦ ከምሬት ወደ ምስጋና የምንመለስበት የ40 ቀን አካሄድ

የእማዬ የሚካኤል ማኅበር ተራ ሲደርስ ጋን ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። የግራዋው ቅጠል ይታሻል፤ ጋኑ ይዘነበላል፤ ክንድ እስከ ትከሻ ገብቶ ውስጡ ይፈተጋል። ግራዋ እንዴት እንደሚመር ያሸ ያውቀዋል፤ እጅ ታጥቦም እንኳ ጣት ላይ ይቆያል። እኔ በሁለት ውኃ አለቅልቄ ላመልጥ ስል እማዬ ጋኑን ታዘነብልና አፍንጫዋን ታስገባለች። «አንቺ ልጅ፣ ገና ግራዋ ግራዋ ይላል። ሊያጥቡበት ነው እንጂ ሊጠጡት መሰለሽ?» ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ እንደገና። ከዚያ ጋኑ በወይራ ጭስ ላይ ይደፋና ይታጠናል። ጠላ የሚጠመቀው ይህ ሁሉ ካለቀ ነው።

እማዬ አራት ዓመት ታማ በእጄ ላይ ዐረፈች። አርባዋ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ የቤቱን ወረቀት በስሙ እንዳዞረ ሰማሁ። አልነገረኝም፤ አላማከረኝም። ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት አንድ ሻንጣ፣ የእማዬን ዳዊትና ያንን ጋን ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሳልቀር፣ ጾም ሳልሽር ኖሬአለሁ፤ ግን «አባታችን ሆይ» ላይ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ያህል ነው። ሳሌ የሚያጋልጠኝ እዚያ መስመር ላይ ነበር።

እዚህ የምጽፈው የወጣሁበትን መንገድ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ስላደግሁ ቃሉም ልማዱም የዚያ ነው፤ ሌላ ቤተ እምነት ያለ ሰው በራሱ ጸሎት ሊሄድበት ይችላል።

ምን ያስፈልጋል

አንድ ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በቀን ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ። ደብተሩን ሌላ ሰው የማያነበው ቦታ አስቀምጡት። ስልክ ላይ አትጻፉ። ስልኩ የበዳያችሁን ፎቶ በአንድ ጣት ርቀት ይዞላችኋል። ጊዜው 40 ቀን ነው። ስሜታችሁ እስኪስተካከል አትጠብቁ፤ እኔ የጀመርኩት በጣም በተናደድኩበት ቀን ነው።

1. ሐዘኑን ከምሬቱ ለዩ

ማዘንና መቆጣት የክርስቲያን ነው። መዝሙር 87ን አንብቡት (በሌላው አቈጣጠር 88)፤ እስከ መጨረሻው ቃል ብርሃን የለበትም፤ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ በጨለማ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር ከዳዊት አላወጣችውም፤ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ሲከፈል በሐሙስ ድርሻ ከሌሎቹ ጋር ይደገማል። ስለዚህ ስለ አለቀሳችሁ ምስጋና ቢስ ናችሁ የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ምሬት ሌላ ነው። እኔ ላይ ያየሁት እንዲህ ነበር። ታሪኩን ለማያውቀው ሰው ለመንገር እቸኩላለሁ፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠች ሴት ሁሉ ነግሬአለሁ። ጋሼ ታመመ ሲባል ውስጤ ትንሽ ሞቅ ይለዋል፤ ይህንን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። የሌላ ሰው ቤት ምርቃት ስጠራ ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን እግዚአብሔርን ማናገር ትቼ ስለ እግዚአብሔር ማውራት ጀምሬ ነበር፤ «እሱም ዝም ብሎ ያያል» እያልኩ። ከእነዚህ አንዱን በራሳችሁ ላይ ካያችሁ ግራዋው ገና አልወጣም።

ሐኪም የሚያስፈልገው ሐዘንም አለ። ለሳምንታት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ አልወርድ ካለ፣ መኖር ካስጠላ፣ ጸሎቱን ሳትተዉ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሁለቱን አታጣሉ።

2. የሆነውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በፊቱ ዘርጉት

በ2ኛ ነገሥት 19 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ለሕዝቅያስ የዛቻ ደብዳቤ ይልክበታል። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን አነበበ፤ ይዞት ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። በደልን ለእግዚአብሔር ማቅረብ እንዴት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ወረቀቱን እንዳለ ዘረጋው። አላሳመረውም፤ አልደበቀውም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይኸው ነው። ምን ሆነ? መቼ? ማን ምን አደረገ? ምን አጣችሁ? ቅጽል አታስገቡ፤ «ጨካኝ»፣ «ከሃዲ» የሚሉትን ተዉና የተደረገውን ብቻ ጻፉ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የእኔ የመጀመሪያ ገጽ አንድ ተኩል ሆነና ግማሹ ስድብ ነበር። ስጽፍ እስክርቢቶው ወረቀቱን በሁለት ቦታ በስቶታል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ መብራት አብሩ፤ ከሥዕሉ ፊት ቁሙና ድምፅ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት። መዝሙር 54 ላይ ዳዊት የሚለውን ልብ በሉ፤ ጠላት ቢሰድበኝስ በታገሥሁ ነበር፣ አንተ ግን አብረኸኝ ወደ እግዚአብሔር ቤት የሄድክ ወዳጄ ነበርህ ይላል። ከዘመድ የመጣ በደል ለምን እንደሚያቃጥል መጽሐፉ ያውቀዋል። ከዚያ ገጹን እጠፉትና ደብተሩ መጨረሻ ላይ አስገቡት። እስከ 40ኛው ቀን አትክፈቱት።

3. ንስሐ አባት ዘንድ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ

የንስሐ አባቴ በጣም ታጋሽ ሰው ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ የወንድምሽን ኃጢአት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ያንቺን መቼ ነው የምትነግሪኝ?» ተቆጥቼ ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ።

ሦስት ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ቂም ይዣለሁ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው። በዚህ ምክንያት ይህን ይህን ትቻለሁ፤ ቁርባን፣ ዘመድ መጠየቅ፣ የማታ ጸሎት፣ የተዋችሁትን ሁሉ። ስለ በዳዩ ከተጠየቃችሁ መልሱ፤ ካልተጠየቃችሁ ዝም በሉ። ቀኖናውን፣ ስግደትም ዳዊትም ምጽዋትም ቢሆን፣ እርሳቸው ይስጡ፤ ራሳችሁ መርጣችሁ አትሂዱ። እኔ 41 ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን አንዲት አልጋ የያዘች ሴት እንዳጥብ ነገሩኝ። እማዬን ካጠብኩ ወዲህ የሰው ገላ ነክቼ አላውቅም ነበር።

4. ማታ ማታ፦ ከአኮቴት (ከምስጋና ጸሎት) አንድ ግሥ

የዚህ መንገድ ትልቁ ሥራ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

«ተመስገን» የማንል የለንም። እንዴት አደርክ? ተመስገን። ሥራ እንዴት ነው? ተመስገን። እኔ በመራራው ስድስት ዓመት ውስጥ በቀን ሃያ ጊዜ ሳልለው አልቀርም። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ዘርዝሬ የምጠራው ነገር ግን አልነበረኝም። ምስጋና ዝርዝር ይፈልጋል። ሰው ለዋለለት ሰው «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ብሎ ከሄደ ምን እንደተዋለለት እንደረሳ ይታወቅበታል።

ዝርዝሩን ያገኘሁት በየሳምንቱ ስሰማው ከኖርኩት ጸሎት ውስጥ ነው። በቅዱስ ባስልዮስ ስም በሚጠራው ጸሎተ አኮቴት ካህኑ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ይላሉ፤ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው። ከዚያ ለምን እንደምናመሰግን ግሦቹ ይደረደራሉ፤ ሠወረነ፣ ረድአነ፣ ዐቀበነ፣ አቅረበነ፣ ተወክፈነ እያሉ ሄደው አብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት ላይ ያርፋሉ። ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ አቀረበን፣ ተቀበለን፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን። ልብ አድርጉ፤ ሀብት ሰጠን፣ ቤት ሰጠን የሚል የለበትም። ቤቱን የተወሰደበት ሰውም ሳይዋሽ ሊጸልየው ይችላል። ይህንን ያስተዋልኩ ቀን ቅዳሴ መሃል እንባዬ መጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማታ አንድ ግሥ ብቻ ውሰዱ። ወደ ጥያቄ ቀይሩት። ዛሬ ከምን ሰወረኝ? ዛሬ በማን እጅ ረዳኝ? መልሱን በአንድ መስመር ጻፉ፤ መስመሩ ውስጥ ሰው ወይም ቦታ ወይም ሰዓት ይኑር። «ጤና ስለሰጠኸኝ» አይቈጠርም። ከደብተሬ ሦስቱን ልገልብጥላችሁ፦

ሠወረነ፦ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለአክስቴ ደውዬ ስለ ጋሼ ልናገር ስል የጎረቤት ልጅ ስኳር ልትበደር አንኳኳች። ስትሄድ የመደወሉ ነገር ወጣልኝ።

ረድአነ፦ የታክሲ ረዳቱ አንድ ብር ጎድሎኝ «ይሁን እናቴ» አለኝ።

አብጽሐነ፦ ምንም አላገኘሁም። ግን ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው፤ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው።

ሦስተኛውን በደንብ እዩት። ምንም ያልተገኘበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን «እስከዚህች ሰዓት» የሚለው አለ። ሰዓቱን አይታችሁ ጻፉት። እኔ ከ40ው ቀን ዐሥራ አንዱን የሞላሁት በእርሱ ነው።

ስለ በደሉ አመስግኑ አላልኩም። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች «በሁሉ አመስግኑ» ሲል በሁሉ ነገር ውስጥ ሆናችሁ ማለቱ ነው፤ ክፉውን በጎ ብላችሁ ጥሩት ማለቱ አይደለም። ጌታ ራሱ ያመሰገነው መቼ እንደሆነ ቅዳሴው ይነግረናል፤ አሳልፈው በሰጡበት በዚያች ሌሊት። ኅብስቱን ይዞ «አእኰተ፣ ባረከ፣ ወፈተተ»፤ አመሰገነ፣ ባረከ፣ ቆረሰ። ይሁዳ በማዕዱ ነበረ። ክህደቱ ክህደት እንደሆነ ቀረ፤ ምስጋናውም አልቀረም። አኮቴተ ቁርባን የምንለው ስም እንኳ ምስጋናውንና መሥዋዕቱን አንድ ላይ የያዘ ነው።

5. አጠገባችሁ የቆመችውን ሩት ፈልጉ

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ለዚህ ስጡት። መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ አንድን አንብቡ። ኑኃሚን በረሃብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወጥታ በሞዓብ ባሏን አቤሜሌክን፣ ሁለቱን ልጆቿን መሐሎንንና ኬሌዎንን ቀበረች። ስትመለስ ሴቶቹ «ይህች ኑኃሚን ናትን?» ይላሉ። «ማራ በሉኝ» አለች፤ መራራ ማለት ነው። በሙላት ወጣሁ፣ ባዶዬን መለሰኝ አለች።

ባዶዬን ስትል ሩት አጠገቧ ቆማለች። አገሯን፣ ወገኗን ትታ እስከ ሞት አልለይሽም ብላ የመጣች ምራቷ እየሰማች ነው። ኑኃሚን አልዋሸችም፤ ሦስት ሰው ቀብራለች። ምሬቱ ግን ቈጠራዋን አዛብቶባታል። የደረሱትም የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነበር፤ እርሻው ሙሉ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ያቺ ምራት ከሰባት ወንዶች ልጆች እንደምትሻል የሰፈሩ ሴቶች ነገሯት።

ሥራው ይኸውላችሁ። ከበደሉ በፊት፣ በበደሉ ጊዜና ከበደሉ በኋላ አጠገባችሁ የነበሩትን ሰዎች ስም ጻፉ። ችግሩ የበረታበትን ወር በተለይ አስታውሱ፤ ማን ደወለ? ማን ምግብ ይዞ መጣ? እኔ ስጽፍ እማዬ በሞተች ሰሞን ሦስት ሌሊት አብራኝ ያደረች የሠፈራችን ልጅ ትዝ አለችኝ። ስድስት ዓመት አላመሰገንኳትም። የጋሼ ነገር ሸፍኗት ነበር። ከስሞቹ አንዱን በዚያው ሳምንት ሄዳችሁ አመስግኑ፤ በስልክ መልእክት አይሁን፣ በአካል ወይም በድምፅ ይሁን። ምን እንዳደረጉላችሁ ቀኑን ጠቅሳችሁ ንገሯቸው። ያቺ ልጅ ስነግራት «ረስቼው ነበር እኮ» አለችና ሁለታችንም አለቀስን።

6. ጠዋት ጠዋት፦ ሰዓት ያዙ

ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ሁሉን መድገም ለማይችል ከየዕለቱ ድርሻ አንዱን መያዝ ይበቃል። ሐሙስ ዕለት መዝሙር 87 እና «ነፍሴ ሆይ፣ እግዚአብሔርን ባርኪ» የሚለው መዝሙር 102 በአንድ ድርሻ ውስጥ ይገኛሉ። ጨለማውም ባርኮቱም በአንድ ቀን ይደገማል፤ እኔ ሐሙስን የምወደው ለዚህ ነው።

የጸሎቱን ቦታ አትቀያይሩ። ቆማችሁ ጸልዩ። ልብ ካልመጣ አፍና ጉልበት ይቅደሙ፤ ልብ አንዳንዴ ከኋላ ይደርሳል፣ አንዳንዴም አይደርስም። የማይደርስበት ቀን ጸሎት አይደለም ብላችሁ አትጣሉት።

በዐረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች፦ እሑድ ፈቃድ ላይሰጣችሁ፣ መቆሚያ ቦታም ላይኖራችሁ ይችላል። ብዙዎቻችሁ የላካችሁት ገንዘብ በገዛ ወገን ተበልቶ ያገኛችሁ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ የእናንተ ቁስል ከእኔ ይበልጣል። ለእናንተ አንድ መዝሙር በቃል መያዝ ይሻላል። መዝሙር 102ን በቀን ሁለት ሁለት መስመር ያዙ። ሳህን ሲታጠብም፣ ልብስ ሲተኰስም ይደገማል። ደብተር መያዝ ካስፈራችሁ የማታውን ግሥ በልባችሁ መልሱ።

ደግሞ ይህን ዕወቁ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ትወድቃላችሁ። ዘጸአት 15ን ብታዩ እስራኤል ባሕሩን ተሻግረው ያንን ታላቅ መዝሙር ከዘመሩ በኋላ ሦስት ቀን ውኃ አጥተው ሄዱ፤ ማራ ሲደርሱ ውኃው መራራ ሆነባቸውና አጉረመረሙ። ከዝማሬ ወደ ማጉረምረም ሦስት ቀን ነው የፈጀው። ሙሴ ጮኸ፤ እግዚአብሔር እንጨት አሳየው፤ እንጨቱን ጣለበት፤ ውኃው ጣፈጠ። ያችኑ ውኃ ጠጥተው ወደ ኤሊም፣ ዐሥራ ሁለት ምንጭና ሰባ የተምር ዛፍ ወዳለበት ሄዱ። ስለዚህ ስትወድቁ ከአንድ አትጀምሩ። 9ኛ ቀን ላይ ከወደቃችሁ በማግስቱ 10 ብላችሁ ጻፉ። እኔ የወደቅሁት የእማዬ ሙት ዓመት ቀን ነበር፤ የእናንተም በበዓል ወይም በመታሰቢያ ቀን አካባቢ ይሆናልና ቀኑን አስቀድማችሁ ደብተር ላይ አክብቡት፤ ያን ቀን ብቻችሁን አትዋሉ።

7. በቡና ላይ አፋችሁን ጠብቁ

አጭር ነው። ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎች ሦስት ይሁኑ፤ ንስሐ አባት፣ አንድ ወዳጅ፣ አስፈላጊ ከሆነ ጠበቃ። ለሌላ ሰው 40 ቀን አይነገርም። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይባላል፤ ቡና ላይ «ወይኔ፣ እንዴት ቻልሽው!» የሚሉን ሰዎች ሳያውቁት ማጭዱን ያቀብሉናል። ሲጠየቁ የሚመለስ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። የእኔ «በጸሎት ይዤዋለሁ» የሚል ነበር።

8. የበደላችሁን በክርስትና ስሙ ጥሩት

ከ20ኛው ቀን ጀምሮ። ቀድማችሁ አትሞክሩ፤ እኔ በሦስተኛው ቀን ሞክሬ ጸሎቱ ወደ ክስ ዞረብኝ።

ጸሎቱ አንድ መስመር ይሁን፤ «አቤቱ፣ እገሌን ማረው፤ እኔንም ማረኝ»። ምን እንዲያደርገው አትዘዙት። «ልቡን መልስለት»፣ «ስህተቱን አሳየው» የሚሉት ጸሎት ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን ክርክር አለ። የዓለም ስሙን ትታችሁ በክርስትና ስሙ ጥሩት፤ የጋሼን በዓለም ስሙ ስጠራ የቤቱ ወረቀት ይታየኛል፣ በክርስትና ስሙ ስጠራ ግን እማዬ ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደችው ሕፃን ይመጣብኛል። የእግዚአብሔር ቃል ኢዮብ ስለ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ምርኮው እንደተመለሰለት ይናገራል። እነዚያ ወዳጆቹ በቁስሉ ላይ የፈረዱበት ሰዎች ነበሩ።

9. ዕርቅ፣ መብትና ርቀት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አመሰገንኩ፣ ይቅር አልኩ ማለት መብቴን ተውሁ ማለት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 16 ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በመንፈቀ ሌሊት በዜማ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ሲነጋ ገዥዎቹ በስውር ሊሸኟቸው ሲሉ ጳውሎስ እንቢ አለ፤ የሮም ሰዎች ሆነን ሳለን ሳይፈረድብን በሕዝብ ፊት ደብድበው አሰሩን፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጡም፤ ለመኗቸውም። ያ ሌሊት የዘመረ ሰው ነው ጠዋት መብቱን የጠየቀው። ስለዚህ ጉዳያችሁ ፍርድ ቤት ከሆነ ይቀጥል፤ በአፋችሁ ስድብ፣ በልባችሁ ቂም ሳይኖር ይቀጥል።

የሚደበድብ ባል ወይም የሚያስፈራራ ሰው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከቤቱ ውጡና ደኅና ቦታ ሁኑ። ይቅርታ ከሩቅ ይቻላል። «ታገሺ፣ አመስግኚ» ብሎ ወደ ዱላ የሚመልስ ምክር ከማንም ይምጣ አትቀበሉት።

ዕርቅ የሚቻል ከሆነ ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንዱ በደለኛው የሚያከብረው ይሁን። በበዓል ቀን አይሂዱ፤ ዘመድ ተሰብስቦ ይሞግታል። ሽማግሌው የሚጠይቀውን አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ቁረጡ። እኔ ቤቱን ይመልስ አላልኩም፤ ያ ጉዳይ በሌላ መንገድ የሚታይ ነበር። በእማዬ ሙት ዓመት አብረን እንቁም ነው ያልኩት። መጀመሪያ ጊዜ ጋሼ እንቢ አለ። ሁለተኛ ጊዜ ዝም አለ። ሙት ዓመቱ ቀን ዘግይቶ መጣ፤ ከኋላ ቆመ፤ ጸበል ጻዲቅ ሲታደል አንድ ቁራሽ ዳቦ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። ስለ ቤቱ እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።

10. በ40ኛው ቀን

የመጀመሪያውን ቀን ገጽ ገና ሳትከፍቱት አዲስ ገጽ ላይ የሆነውን እንደገና ጻፉ። ምን ሆነ፣ መቼ፣ ማን ምን አደረገ። ከዚያ አሮጌውን አውጡና ጎን ለጎን አንብቡ። አሮጌውን አቃጥሉት ወይም ንስሐ አባታችሁ እንዳሏችሁ አድርጉት። አዲሱን አቆዩት፤ በሚቀጥለው ቀን ማታ ግሦቹን ከሠወረነ ጀምሩ።

የእኔ አሮጌው አንድ ተኩል ገጽ ነበር አልኳችሁ። አዲሱ አራት መስመር ሆነ። ቤቱን በስሙ አዞረ። አልነገረኝም። ስድስት ዓመት ቂም ያዝኩ። አራተኛውን መስመር እንዴት እንደጻፍኩት አላስታውስም፤ አሮጌው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፦ «ጋሼም እናቱ ሞታበት ነበር።»